የስድስት ሐሙስ ጉዝጓዝ

ጥንቸል የዋህ ናት ያለው ሰው ማን እንደሆነ ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ሴት ጥንቸሎችን በአንድ ቤት አስገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ውሻ እንኳ ከመንከሱ በፊት ያጉረመርማል፤ ጥንቸል ግን ያን ሁሉ ጆሮ ተሸክማ፣ አፍንጫዋን እያርገበገበች፣ አንዲት ቃል ሳይወጣት ነው የባልንጀራዋን ጸጉር የምትነጨው። ይህን ከሚጣ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የዛሬው ነገሯ እኔን ራሴን የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

ሚጣ የሰዓት ሠሪው ልጅ ናት። እናቷ አልፈውባታል፤ ያሏት አባቷ ብቻ ናቸው። «ሚጣ» አባቷ በሕፃንነቷ ያወጡላት የቁልምጫ ስም ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷትም አልለቀቃትም። ከአባቷ ሱቅ ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ ሰባት ጥንቸሎች ታረባለች፤ ያውም ሌላው ሰው እንደሚያደርገው አንዷን በአንድ ሣጥን ቆልፋ ሳይሆን ሰባቱንም በአንድ ቤት። ሰዎች ከሩቅ ሰፈር እየመጡ «እንዴት ነው ሳይባሉ የሚኖሩት?» ይሏታል። «ቀስ ብዬ ነዋ ያስተዋወቅኋቸው» ትላለች እየሳቀች።

በእሷ ሙያ ትውውቅ የሚጀምረው በዓይን አይደለም፤ በማሽተት ነው። የአንዷ መኝታ ጉዝጓዝ ወደ ሌላዋ ይሄዳል፤ የዚያችኛዋም ወደዚህ ይመጣል። ሳምንታት ሲያልፉ እንግዳዋ ሳትመጣ ሽታዋ ቤተኛ ይሆናል። ከዚያ በሽቦ መረብ ግራና ቀኝ ሆነው ይተያያሉ። በሩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ማንኛዋም «ቤቴ ነው» ባላለችው አዲስ ቦታ። የቸኮለ ሰው ደም ያያል።

የልቧን ሰው፣ የመሬት ቀያሹንም ያገኘችው በጥንቸል ሰበብ ነው። ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። አንድ ቀን ረጅም፣ ጫማው አቧራ የለበሰ፣ መሬት መለኪያ መሣሪያውን በትከሻው ያንጠለጠለ ሰው አንዲት ነጭ ጥንቸል በካርቶን ይዞ ገባ። ጥንቸሏ የኋላ እግሯ ተልጧል፤ በሽቦ ወለል ላይ ለብቻዋ ስትኖር ኖራ።

«ይህችን ምስኪን እንዲህ የፈረደባት ማነው?» አለችው ሚጣ በቁጣ።

«እናቴ ናት» አላት፤ «ዳኛ ናት።»

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሐኪሜ» ይላት ጀመር። እሷም ያቺን ነጭ ጥንቸል ለመጠየቅ እያለች ስለ ልጁ ትጠይቅ ጀመር። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው ሲወድቅ እንኳ ምክንያት አያጣም።

የዳኛዋ ቤት ትልቅ በረንዳ ያለው፣ አጥሩ በአበባ የተሸፈነ ቤት ነው። ሚጣ መጀመሪያ የገባች ቀን ጫማዋን የት እንደምታሳርፍ ጨንቋት ነበር። ዳኛዋ ሻይ ቀዱላት፤ ስለ አባቷ ሥራ ጠየቋት፤ መልሷን አንገታቸውን ቀና አድርገው አዳመጧት። በመጨረሻ ልጃቸውን ሳይሆን እሷን እያዩ «እስቲ መጀመሪያ ጥንቸሎቹ ይስማሙ። የሰዉን ከዚያ በኋላ እናያለን» አሉ።

ቀያሹ ሳቀ። ሚጣ ግን አልሳቀችም። ቀልድ ቢመስልም የዳኛ ቀልድ ነው፤ ይግባኝ የለውም። በዚያ ቤት በየሣጥኑ ብቻቸውን የተቆለፉ አራት ጥንቸሎች አሉ፤ ነጯ ሻሼ የእነሱ አለቃ ናት። ሚጣ የራሷን ሦስቱን አምጥታ ከአራቱ ጋር በአንድ ቤት ታኖራለች። እነሱ ከተስማሙ የእሷም መግቢያ ይከፈታል። ለሙያዋ እንዲህ ያለ ፈተና መስጠት ለዋናተኛ ኩሬ እንደማሳየት ነው። «ስድስት ሳምንት ስጡኝ» አለች።

ቀያሹ ነው ታዲያ ያን ቀን እስከ በር ሲሸኛት እጇን ይዞ «እስከዚያ ባንገናኝ ይሻላል፤ እናቴን አናስቆጣት። በየሐሙሱ ጉዝጓዙን እልክልሻለሁ፤ ደብዳቤ አይቀርብሽም» ያላት። ግን ስድስት ሳምንት ምን አላት? አዲሱን የጋራ ቤት እንዲያሠራ በወረቀት ነድፋ ሰጠችው፤ መደበቂያዎቹን፣ ሁለት ሁለት መውጫ ያላቸውን ቱቦዎች፣ የመኖ ገንዳውን ቦታ ሁሉ። እሱም ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

በየሐሙሱ ጠዋት የዳኛዋ አትክልተኛ፣ ደግ ሽማግሌ፣ ጋሪያቸውን እየገፉ ይመጣሉ። የቀያሹን ቤት ጆንያ ያወርዳሉ፤ የእሷን ይጭናሉ። በጆንያው አፍ ላይ ገለባው ውስጥ ተሸሽጎ የታጠፈ ወረቀት አለ። እሷም የራሷን ጆንያ ስታስር ደብዳቤዋን እዚያው ትሸጉጣለች።

ያን ደብዳቤ ስታገኝ ሚጣን ባያችኋት! ጆንያውን እንኳ ሳትዘረግፍ ተንበርክካ ታነበዋለች። አባቷ በሱቁ የኋላ መስኮት አጉሊ መነጽራቸውን በአንድ ዓይናቸው እንደደቀኑ «ዛሬ ጥንቸሎቹ ቁርስ የላቸውም መሰለኝ» ይላሉ።

ከሁሉም የወደደችው አራተኛውን ነው። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሻሼ ባንቺ ጉዝጓዝ ላይ ተጋድማ አንቀላፋች» ይላል። «ቆሜ አየኋት። አንቺ የነካሽውን ገለባ ታቅፋ ስትተኛ ቀናሁባት። እኔ የምተኛበት ሁሉ ያንቺ ሽታ የሌለበት ነው።» ሚጣ ይህን በቃሏ ያዘችው። ድርቆሽ ስታድል፣ ውሃ ስትቀይር፣ ለአባቷ ምሳ ስታቀርብ ለራሷ ትደግመዋለች።

አሁን እናንተ «እንዴት አልጠረጠረችም?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ከዚያ ቤት የሚመጣው ጉዝጓዝ እጅግ ንጹህ ነበር። ጥንቸል የተኛችበት ገለባ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚጣን ያህል መማር አያስፈልግም፤ አንዲት ፍግ እንኳ አልነበረበትም። ገርሟት ነበር። ግን እሷ የሰዓት ሠሪ ልጅ ናት፣ እነሱ ባለ በረንዳ። «ትልቅ ሰው ቤት ነው፤ ንጹህ ንጹሑን መርጠው ነው የሚልኩልኝ» ብላ አሰበች። «ቆሻሻውን ላኩልኝ» ማለት እንዴት ይቻላል? ለዳኛ? አፈረች። ያፈረችበትን ነገር ለማንም አልተናገረችም።

ሁለተኛው ደግሞ፣ ለጠየቀችው አንድም ቀን መልስ አግኝታ አታውቅም። በሁለተኛው ሐሙስ «ሽቦው ድርብ ይሁን፤ በመሐሉ አራት ጣት ይግባ፤ አለዚያ አፍንጫ ይነካከሳሉ» ብላ ጽፋለት ነበር። በሦስተኛው «ስንለያይ ይዞህ የነበረው ጉንፋን ለቀቀህ?» በአምስተኛው ደግሞ ለማንም የማትናገረውን፣ እናቷ ከሞቱ ወዲህ በዚያ ግቢ እንዴት ብቻዋን እንዳደገች፣ ለምን ጥንቸሎቿን ለብቻ መቆለፍ እንደማትችል ጻፈችለት። በስድስተኛው ሐሙስ የመጣው ደብዳቤ ስለ ጨረቃ ያወራል። «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፤ ልቡ የነካውን ነገር አያነሣም» አለች ለራሷ። ፍቅር የያዘው ሰው ለሌላው ጥብቅና ለመቆም ማን ይቀድመዋል!

ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። ሚጣ አመድማ ቀለም ያላትን አመዴን ከሁለት እህቶቿ ጋር በሰፊ ቅርጫት ይዛ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ ወደ ዳኛዋ ግቢ ገባች። አመዴ ከሰባቱ ሁሉ ለሰው የምትቀርበው ናት፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከእሷ ጋር ነው። ቀያሹ አልነበረም፤ ለሥራ ጉዳይ ወጣ ብሏል፤ እኩለ ቀን ላይ ይመጣል ተባለ። የተቀበሏት አትክልተኛው ናቸው።

የጋራ ቤቱ እሷ በነደፈችው መልክ ከአትክልቱ ጥግ ቆሟል። ቱቦዎቹ አሉ፤ መደበቂያዎቹ አሉ። ሽቦው ግን ነጠላ ነው። ሚጣ ጣቷን በቀዳዳው አሳልፋ አየችው። ቅር አላት፤ ግን «ሽታውን እስከተላመዱ ድረስ ምን ይሆናሉ?» ብላ የራሷን ሦስት በአንድ ወገን ለቀቀች። አትክልተኛው አራቱን በማዶ ለቀቁ።

አመዴ እንደ ልማዷ አፍንጫዋን አስቀድማ ወደ ሽቦው ተጠጋች። ሻሼ በማዶ ቆመች። የኋላ እግሯን መሬት ላይ አንዴ ደቃችው፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣበቀች። ሚጣ ይህን ታውቀዋለች፤ እንግዳ ሽታ ሲመጣ ነው። «አይ፣ አይደለም፤ ታውቂያታለሽ እኮ» አለቻት ሻሼን። ሻሼ ግን ተወርውራ መጣች፤ ጥርሷ በሽቦው ቀዳዳ አልፎ አመዴ አፍንጫ ላይ አረፈ።

ሚጣ ዘላ ገባች። አመዴን አንሥታ ከደረቷ አስጠጋቻት፤ ደሟ በክት ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ። ሻርፗን አውልቃ ጠቀለለቻት። ከቁስሉ በላይ ግን የከነከናት ሌላ ነገር ነበር።

«አባባ፣ የኔን ጉዝጓዝ የት የት ነበር የሚያነጥፉላቸው?» አለች።

«የትኛውን ጉዝጓዝ ልጄ?»

«በየሐሙሱ የሚወስዱትን።»

«እህ፣ እሱን ነው!» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። «አስቀምጬዋለሁ፤ አንዱም አልጠፋም።» እየመሩ ወደ መሣሪያ ቤቱ ወሰዷትና በሩን ከፈቱላት።

ስድስቱም ጆንያዎች በግድግዳው ልክ ተደርድረው ነበር። አፋቸው እሷ ባሰረችው ሲባጎ፣ በእሷው ቋጠሮ እንደታሰረ ነው። የመጀመሪያው ከታች እርጥበት ገብቶት ጠቁሯል፤ ሻጋታው ከበሩ ይሸታል።

«ለምን አልተፈቱም?» ድምፅዋ የእሷ አልመስል አላት።

«እሱማ ‹ስመለስ እኔው አያቸዋለሁ፤ አንተ አትንካቸው› ብሎኝ ሄደ። ለአንቺ ደግሞ ከመጋዘን ገለባ እየሞላሁ እንድወስድልሽ አዘዘኝ። ንጹሕ ንጹሑን ነበር የምመርጥልሽ።»

«ስመለስ? ከየት ነው የሚመለሰው?»

አትክልተኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሆነ ነገር እንዳበላሹ ገብቷቸዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባቸውም። «ከእናቱ ጓደኛ ዘንድ ነዋ፣ ከሌላ ከተማ። የመጣ እኮ ሰኞ ዕለት ነው። ደብዳቤዎቹን ሲሄድ ነው ስድስቱንም አንድ ላይ የሰጠኝ፤ ተራቸው እንዳይሳሳትብኝ በእርሳስ ቁጥር ጽፎባቸው። አንድ ያለውን በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ሁለት ያለውን በሁለተኛው። ቁጥሩንም እንዳዘዘኝ በላጲስ አጥፍቼዋለሁ።» ቀና ብለው በጭንቀት አዩዋት። «አላቀያየርኩብሽም አይደል ልጄ?»

«አላቀያየሩም አባባ» አለች ሚጣ። «በትክክል ነው ያደረሱልኝ።»

እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ይጮሃል ብላችሁ ታስባላችሁ። እሷ አልጮኸችም። የአመዴን ጭንቅላት በአውራ ጣቷ እያሻሸች እዚያው ቆመች። በስድስቱ ሐሙሶች የነበረችበት ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት፤ የተቀመጠችበት፣ የሳቀችው ሳቅ፣ አባቷ በመስኮት ያሾፉባት። ያን ሁሉ ብቻዋን ነበር ያደረገችው። ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ የዋሸው ሌላ፣ ያፈረችው እሷ።

ዳኛዋ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ጠቅላላውን ነገር ያዩና የሰሙ ይመስላሉ።

«ነይ ተቀመጪ» አሏት።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«እንግዲያው እኔም ልቁም።» ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «የላክሁት እኔ ነኝ። የጓደኛዬን ልጅ አይቶ እንዲወስን ፈልጌ ነው፤ አልክድም። ለልጄ የምመኘው አንቺን አልነበረም፤ ይህንንም ፊቴ ላይ አንብበሽዋል። ግን ስትሄድ እውነቱን ነግረሃት ሂድ፣ የሰው ልጅ በከንቱ አታስጠብቅ ብዬዋለሁ። ‹ነግሬያታለሁ› አለኝ። ስለ ደብዳቤው ገና አሁን ከአንቺና ከሽማግሌው አፍ መስማቴ ነው።»

ሚጣ ቀና ብላ አየቻቸው። ለስድስት ሳምንት ሙሉ የፈራቻቸው ሴት፣ በዚያ ቤት ያልዋሿት ብቸኛ ሰው ሆነው አገኘቻቸው። ከጥላቻቸው ይልቅ ይህ ጎዳት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

የመኪና ድምፅ ተሰማ። ቀያሹ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ በአንድ እጁ የድርቆሽ እስር ይዟል። ፊቱ በርቶ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም፤ በእውነት ናፍቋት ነበር። «ሐኪሜ!» አለ ከሩቅ። ከዚያ ደሙን አየ። ከዚያ ከጀርባዋ የተከፈተውን የመሣሪያ ቤት በር አየ። ድርቆሹን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ዳኛዋ ወደ ውስጥ ገቡ። አትክልተኛውም ጋሪያቸውን ፈልገው ጠፉ። ሁለቱ ተያዩ።

«ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» አለችው።

«ምኑ?»

«ስድስቱን ለመጻፍ።»

«ሚጣዬ...»

«ሰዓት ሠሪ ነው ያሳደገኝ፤ ስለ ሰዓት ስጠይቅ መልስ ለምጃለሁ።»

«አንድ ከሰዓት በኋላ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«አራተኛውንም?»

«ሁሉንም። ግን አንዷም ቃል ውሸት አይደለችም! የጻፍኩት ሁሉ የሚሰማኝ ነው። ቀኑ ነው እንጂ ውሸቱ፣ ቃሉ አይደለም።»

«እኔ የኖርኩት በቀኑ ነው» አለች። «ከሐሙስ ሐሙስ። አንተ የዚያን ዕለት ሻሼን ቆመህ አይተሃታል ብዬ ነው ያመንኩት። የት ነበርክ የዚያን ዕለት?»

ደጋግማ ስትጠይቀው «ከነሱ ቤት ነበርኩ» አለ፤ በሹክሹክታ። «ሻይ እየጠጣን። ግን ስሚኝ፣ እዚያ ቁጭ ብዬ እንኳ የማስበው አንቺን ነበር። እናቴን እምቢ ብል ትሰበራለች፣ ላንቺ ብነግርሽ ትሄጂያለሽ፤ በሁለት እሳት መሐል ነበርኩ። ልጅቷን አየኋት፤ ጥሩ ልጅ ናት፤ ክፉ አይወጣኝም። ግን በየቀኑ ሳስተያይ ያንቺ ነገር በለጠብኝ። ለእናቴም ተናግሬያለሁ። ተመልሼ መጣሁ እኮ! አንቺን መረጥኩ።»

ያችን ቃል ባይናገራት ምናልባት ሌላ ነገር ይሆን ነበር። እኔ አላውቅም። ሚጣ ግን «መረጥኩ» ሲል ሰውነቷ ሁሉ ቀዘቀዘ።

«መወዳደሬን ማን ነገረኝ?» አለች። «አንተ መሬት ስትለካ እንኳ ባለቤቱን አስፈቅደህ ነው የምትገባው። እኔን ስድስት ሳምንት ስትለካኝ አንድ ቀን አላስፈቀድከኝም። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ቤቴን እየነቀልኩ ነበር። ሦስቱን ላንተ፣ አራቱን ለአባዬ ብዬ እየከፈልኩ ነበር። አባዬ ለብቻው ምሳውን እንዴት እንደሚሠራ እያስተማርኩት ነበር።»

እንባው መጣ። አላፈረበትም፤ በመዳፉም አልጠረገውም። «እንደገና እንጀምር» አላት። «እንደ ጥንቸሎችሽ። ሽቦ በመሐላችን ይሁን፤ ወር ይሁን ዓመት፣ አንቺ እስክትከፍቺው እጠብቃለሁ። አንቺው አይደለሽ ቀስ ያለ ትውውቅ የማይፈታው ጠብ የለም የምትዪው?»

ሚጣ ልቧ ወደ እሱ ሲያዘነብል ተሰማት። አንድ እርምጃ ብትራመድ ደረቱ ነው። ሽታውን ከቆመችበት ታውቀዋለች፤ የአቧራና የሣር ሽታ። እግሯን መሬት ላይ አጽንታ ያዘችው።

«ሽቦ የሚሠራው እኮ ከማዶ ሌላዋ ስትኖር ነው» አለችው። «እኔ ስድስት ሳምንት ሙሉ አፍንጫዬን ደቅኜ ቆሜ ነበር። ከማዶ ማንም አልነበረም።»

እሱም እንደ እብድ ወደ መሣሪያ ቤቱ ሮጦ የመጀመሪያውን ጆንያ ሲባጎ በጥርሱ ያዘው። «ያንቺን አላነበብኩም! ፈርቼ ነው። ሰኞ ስመጣ ልፈታቸው ሞክሬ ነበር፤ ውሸቴን አስታውሶኝ አቃተኝ። አሁን አነባቸዋለሁ፤ ስድስቱንም፣ ፊትሽ ቆሜ...»

ከኋላው መጣችና እጁን ከቋጠሮው ላይ አነሣችው። ለስለስ አድርጋ ነው ያነሣችው፤ እስካሁንም ልትቆጣው አልቻለችም። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ራሷ ፈታች፤ ከየገለባው ወረቀቷን እያወጣች በቀሚሷ ኪስ ከተተች። የመጀመሪያው ሻግቶ ቀለሙ ፈስሷል።

«አንዷን እንኳ» አላት። «አምስተኛዋን ስጪኝ።»

«ለዚያ ሐሙስ ነበር የጻፍኩት» አለችው። «ሐሙሱ አለፈ።»

አመዴንና ሁለቱን እህቶቿን በቅርጫቷ አስገብታ ወጣች። ተከትሏት እስከ ግቢው በር መጣ፤ ስሟን ግን አልጠራም። እሷም ዞራ አላየችም፤ ብታየው እንደምትመለስ ታውቃለች።

ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ በመስታወቱ ደሙን አይቶ «ምን ሆነችብሽ?» አላት። «ሽቦ ጋ ተጠግታ ነው» አለችው።

ቤቷ ስትደርስ አባቷ ሱቃቸውን ዘግተው ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የምሥራች እየጠበቁ። ቅርጫቱን ሲያዩ ተነሡ። አመዴን ተቀብለው ያዙላት፤ እሷ ቁስሏን በጨው ውሃ አጠበችላት። ሲያዩት የፈሩትን ያህል አልነበረም፤ ይድናል።

ከዚያ አመዴን ወደ ቤቷ፣ ወደ ቀሩት አራቱ መለሰቻት። አራቱም ከበቧት፤ አሸተቷት። ከመሐላቸው ታላቂቱ፣ አመዴ በየቀኑ ጆሮዋን የምትልስላት፣ ወደ ኋላ አለች። እግሯን መሬት ላይ ደቃች። ከዚያ አሳደደቻት። አመዴ በገዛ ቤቷ እየዞረች መደበቂያ ፈለገች፤ የገባችበት ሁሉ ሌላዋ እየተከተለች አስወጣቻት። ሚጣ ዘላ ገብታ አነሣቻት፤ አሁን ገና ትንፋሿ ተቆራረጠ።

«አላወቋትም» አለች። «አባዬ፣ አላወቋትም። ጠዋት እኮ አብረው ነበሩ።»

«ሽታው ነው» አሉ አባቷ። የዚያን ቤት ሽታ ይዛ መምጣቷ ነው፤ ይህን እሳቸውም ከእሷው ተምረውታል። ሽቦውን አምጥተው የግቢውን ጥግ ለአመዴ ለብቻዋ ከለሉላት፤ በድርብ፣ በመሐሉ አራት ጣት እየለኩ። ከአራቱ መኝታ ጉዝጓዝ አንድ እቅፍ አንሥተው አመዴ ሥር አነጠፉ። ሁለቱን እህቶቿንም ከእሷ ጋር አስገቧቸው። ሲጨርሱ ቀጥ ብለው ቆሙና ልጃቸውን አዩአት።

«አንቺም ግቢና ልብስሽን ለውጪ» አሏት። «ውሃ ጥጄልሻለሁ።»

ሚጣ ገባች። ቀሚሷን አወለቀች። ደብዳቤዎቹን ከኪሱ አውጥታ አልጋው ላይ አኖረች። ቀሚሱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ማጠቢያው ሳፋ ጎንበስ አለች፤ ሳሙናው ተዘጋጅቷል፣ ውሃው ይጨሳል። ደም እንኳ በቶሎ ካልታጠበ እንደማይለቅ ታውቃለች። ጎንበስ እንዳለች ግን የአቧራና የሣር ሽታ መጣባት፤ እጁን ከቋጠሮው ላይ ስታነሣው እጅጌው ላይ የቀረ ነው።

«ሚጣ፣ ውሃው እየቀዘቀዘ ነው» አሉ አባቷ ከውጭ።

«መጣሁ አባዬ» አለች። ቀሚሱን ግን ሳፋው ውስጥ አልከተተችውም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጅጌውን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣላትን ለቅሶ አለቀሰች።